ሳል የማይጠፋበት ቴአትር ቤት

በሰፈራችን ቴአትር ቤት ሰው ለምን እንደሚስል ለማወቅ የደከምኩትን ያህል ለትምህርቴ ደክሜ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ። ይህን የምትለው አክስቴ ናት፤ እውነቷን ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ እሑድ እሑድ የቴአትር ቤቱን መብራት የማበራውም እኔ ነኝ። አንድ ነገር ለምን እንደሚበራ ወይም ለምን እንደማይበራ ካላወቅሁ እንጀራዬም እንቅልፌም አይጥመኝም። ሰፈሩ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም ያወጣልኝ ያለ ነገር አይደለም።

ቴአትር ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የድሮ የጆንያ መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ጀርባ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ መጋረጃውም ልብስ ሰፊዋ ከተራረፈ ጨርቅ የቀጣጠለችው ነው። ዝናብ ሲጥል ተዋናዮቹ ይጮኻሉ። በጣም ሲጥል ደግሞ ንግግራቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፤ ተመልካቹም አብሮ ይጠብቃል፤ ገንዘቤን መልሱልኝ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። እዚያ ቤት እሑድ ከሰዓት ቴአትር ሲታይ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሰዎች ይስላሉ። ልብስ ሰፊዋ ትስላለች፣ ጎሚስታው ይስላል፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪም መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስላሉ። ከቤቱ ሲወጡ ግን ጤነኛ ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ለመንገድ ተከትያቸው እየተሳሳቁ ሲሄዱ አንድም ሳል አልሰማሁም።

ሳሉ ከሁሉ ሰው ይልቅ የሚያናድዳት አክስቴን ነው። አክስቴ የቡድኑ አስታዋሽ ናት። ከመድረኩ ጫፍ ላይ ወለሉ ተቆርጦ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ጉድጓድ አለ፤ በተመልካቹ በኩል ግማሽ በርሜል ተደፍቶ ይጋርደዋል። እሷ እዚያ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት በሹክሹክታ ታቀብለዋለች። ከጉድጓዱ ስትወጣ ቀሚሷን እያራገፈች የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ይኼ ጉሮሮው ያልጠራለት ሁላ! ቴአትር ሊያይ ነው ወይስ ሊስል የሚመጣው?»

ቀን ቀን ሥራዋ ጤና ጣቢያ ነው፤ ካርድ ክፍል በር ላይ ቆማ የበሽተኛ ስም ትጣራለች። በድምፅዋ «የተኛ ይነሳል፣ ያልታመመም ይመጣል» እያሉ ይቀልዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስትጮህ ሰንብታ እሑድ ታንሾካሹካለች። አንድ ጉሮሮ ሁለቱን እንዴት እንደሚችል ብጠይቃት፣ «እዚያ የምጠራው የሰው ስም ነው፤ ሰው ስሙን ከሩቅ መስማት አለበት። እዚህ የማቀብለው የጠፋበትን ነው። ሰው የጠፋበትን ስትሰጠው ጎረቤት መስማት የለበትም» አለችኝ።

ወደ ቡድኑ የገባችው በልጅነቷ ትኬት ልትቆርጥ ነው። ትኬቱን ቆርጣ ስትጨርስ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ ያየችውም ሁሉ እንደ ሙጫ ይጣበቅባታል። አንድ ቀን አንዲት ተዋናይት ቃል ጠፍቷት ስትንተባተብ አክስቴ አላስቻላትም፤ ከበሩ ላይ ሆና በዚያ ድምፅዋ ነገረቻት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አዘጋጁም፣ «ይቺን ልጅ ወይ አባሩልኝ፣ ወይ ቅርብ አስቀምጡልኝ» አለ። ጉድጓዱ የተቆረጠው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ትዳርም አልያዘች፣ መድረኩም ላይ ብቅ ብላ አታውቅም። ለምን አላገባሽም ስላት፣ «ቃሉን የማይረሳ ወንድ ፈልጌ አጣሁ» ትለኛለች።

ወደ ሳሉ ልመለስ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጆንያውን አቧራ ነው። የእረፍት ቀኔን ሠውቼ ግድግዳውን ጠረግሁ፣ ጣሪያው ላይ ከጋራዥ የተጣለ ማራገቢያ ጠግኜ ሰቀልኩ። ሳሉ አልቆመም። ቀጥሎ ፊት ያሉትን አግዳሚዎች ወደ ኋላ አዛወርኩ፤ ሰዎቹ ያለ አንድ ቃል አንስተው ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ከዚያ ማዳመጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋባኝ፤ ወጣቶቹ ሲናገሩ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሳሉ የሚነሳው ጋሽ ንጉሥ ሲናገሩ ነው።

ጋሽ ንጉሥ የቡድኑ አንጋፋ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንጉሥ ሆነው ስለተጫወቱ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ባለ ሱቁ እንኳ ሳሙና ሲሸጥላቸው እጅ ይነሳል። እንዲህ ያሉ የተከበሩ ሰው ሲናገሩ መሳል ምን የሚሉት ነውር ነው? ተናደድኩም፣ ገረመኝም።

በዚህ መሀል ከወንዙ ማዶ አንድ ትልቅ የከተማ አዳራሽ ይሠራ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለቡድኑ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ግንባታው እስኪያልቅ ብሎ አቆመ። «ሲያልቅ ቤታችሁ እሱ ነው» ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። አዳራሹ ፎቅ በፎቅ ሲያድግ ቡድኑ አንድ በአንድ ተመናመነ። ልዑሉን የሚጫወተው ልጅ ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ ንግሥቲቱ ሞባይል ቤት ተቀጠረች፤ ልምምድ የሚመጡት ሲመቻቸው ሆነ። አንድ እሑድ ከቴአትር በኋላ ይህ ተነሥቶ ክርክር ሆነ።

«አዳራሽ ማን ይጠላል?» አለ አዘጋጁ። «ግን ውስጡ ማን ሊቆም ነው?»

«እኔ መኪናውን ሸጦ ጋራዥ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ጎሚስታው።

እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባሁም፤ ምክንያቱም የአዳራሹን የኤሌክትሪክ መስመር ከሚዘረጉት አንዱ ነበርኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አዳራሹን ወድጄዋለሁ። የድምፅ ባለሙያው አንድ ቀን ሰገነቱ ላይ አቁሞኝ ወርዶ መድረኩ መሀል ሄደ። ከዚያ ሩቅ ሆኖ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ጫማህ ተፈቷል» አለ። ሰማሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነትም ማሰሪያው ተፈትቷል። ጣሪያው ለምን እንደዚያ እንደጎበጠ፣ ግድግዳው ለምን እንጨት እንደለበሰ ስጠይቀው ዋልኩ። እሱም ሳይሰለች ነገረኝ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

አዳራሹ አለቀ። ሪባኑ ሊቆረጥ ሲቃረብ ግን የሚታይ ነገር እንዳልተዘጋጀ ታወሰ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነና የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ራሷ ወደ መጋዘኑ መጣች። ሰው አክባሪ ናት፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በግልጽ ነገረችን።

«ያን የንጉሡን ተውኔት ለምርቃቱ አሳዩልን። የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ከወደዱት የአዳራሹ ቋሚ ቡድን ትሆናላችሁ፤ የወር ደመወዝ ይኖራችኋል። ካልወደዱት ለስብሰባና ለእንግዳ ቡድን እናከራያለን ይላሉ። እኔ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሁለተኛ ዕድል ማምጣት አልችልም።»

ሁሉም በደስታ ተንጫጫ። አክስቴ ብቻ አልተንጫጫችም። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«አንተ ነገር የምትጎረጉር ልጅ፣ እስቲ ዛሬ ለቁም ነገር ጎርጉር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የኔ ጉድጓድ የታለ?»

አሰብኩ። መድረኩን ከጫፍ ጫፍ አውቀዋለሁ። ጉድጓድ የለም።

«የለም። የዛሬ ተዋናይ ቃሉን ይችላል ብለው ይሆናል» አልኳት። «ለአንድ ቀን ብትቀሪስ ምን ይመጣል?»

ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ በሹክሹክታዋ፣ ጋሽ ንጉሥ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቃል እየጠፋቸው እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ሁለት ቃል አይደለም፤ ሁሉም። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቀድማ ካልሰጠቻቸው የሚሉት የላቸውም። ከእሷና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ አዘጋጁም አያውቅም።

«ለምን አይተዉትም ታዲያ?»

«አንዴ ብለውኛል። 'ቤት ስገባ ምሳ መብላቴንም አላስታውስ፤ እዚያ ስቆም ግን ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ' አሉኝ። ከዚህ በኋላ ምን ልበል? በል አሁን መላ ፈልግ። እሳቸው እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ቢቆሙና ቢጠፋቸው፣ እሳቸውም አለቁ፣ ልጆቹም ደመወዛቸው ቀረ።»

ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ከአዳራሹ ተውሼ ለጋሽ ንጉሥ አመጣሁላቸው። አክስቴ ከሌላ ክፍል ሆና ብትናገርበት ዘለው ተነሡና፣ «ዝንብ ገባኝ!» ብለው ወረወሩት። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የመጣልኝ መላ አንድ ብቻ ነበር፤ አክስቴ መድረክ ላይ ትውጣ። የንጉሡ አሮጊት አገልጋይ ሆና፣ ሻርፕ ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ዙፋኑ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ እግራቸው ሥር ትቀመጥ። ለአዘጋጁ «ንጉሥ አገልጋይ ሳይኖረው ያምራል ወይ?» ብለን አሳመንነው። አክስቴን ማሳመኑ ነበር የከበደው።

«እኔ መድረክ ላይ? በዚህ ዕድሜዬ? ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል!»

«ትቀመጫለሽ እንጂ አትቆሚም።»

«ቁጭ ብሎም ይንቀጠቀጣል።»

በአዳራሹ ውስጥ የተለማመድነው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም የጽዳት ሠራተኞቹ ምንጣፉን በማሽን እየጠረጉ ስለነበር ማንም ማንንም አይሰማም። የማሽኑ ጩኸት ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሰውዬ «ጫማህ ተፈቷል» ያለኝ ትዝ ይለኝ ነበር። አልመጣልኝም። ሽቦ ሳገናኝ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም፤ ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ የአክስቴ ሻርፕ ላይ ነበር።

የምርቃቱ ከሰዓት ደረሰ። ፊት ያሉት ወንበሮች ለእንግዶች ተይዘዋል፤ የሰፈራችን ሰዎች ሰገነት ደረሳቸው። እኔ ከሰገነቱ ሥር ባለው የመብራት ክፍል መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። መጋረጃው ተከፈተ፤ ጋሽ ንጉሥ ዙፋኑ ላይ ዘውዳቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ወዲያው ከራሴ በላይ ሳል ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ አውቃታለሁ። ጎሚስታው ቀጠለ። አስተማሪው ቀጠሉ።

«እዚህም?» አልኩ በልቤ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ቅንጣት አቧራ የለችም።

ዩኒፎርም የለበሰ አስተናባሪ ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁት። «እባካችሁ፣ እንግዶች አሉ። የማይችል ይውጣ» አላቸው። ሳሉ ቆመ። ጸጥታው ሲነግሥ፣ አክስቴ ከሻርፑ ሥር ያንሾካሾከችው ቃል መድረኩን ተሻግሮ፣ እንግዶቹን አልፎ፣ እስከኔ መስኮት ጥርት ብሎ መጣ።

«ጎህ ሳይቀድ በሬን የሚመታ ማን ነው?»

ከዚያ ጋሽ ንጉሥ በግርማ ሞገስ፣ «ጎህ ሳይቀድ በሬን የሚመታ ማን ነው?» አሉ።

ቀጣዩም እንዲሁ መጣ፣ ሦስተኛውም፤ ሁሉም ነገር ሁለቴ። ከፊት ወንበሮች ትንሽ ሳቅ ተሰማ። አክስቴ ገብቷታል፤ ጀርባዋ ሲደርቅ ከሩቅ አየሁት። ድምፅዋን ቀነሰች፤ አዳራሹ ግን ጆሮው ቀጭን ነው፣ የቀነሰችውንም አደረሰው። ብታቆም እሳቸው ያልቃሉ፤ ብትቀጥል ሁሉም ይሰማል። ቀጠለች። እኔም እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ፣ መብራቱን አጥፍቼ ሁላችንን ልገላግል ይሆን እያልኩ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ጠፋ። እንግዶቹ ወደ ፊት ዘንበል እያሉ መጡ። አሁን የሚጠብቁት ንጉሡን ሳይሆን ሹክሹክታውን ነው። ይህ ሁሉ የሚፈራው ንጉሥ የሚናገረው ሁሉ እግሩ ሥር ካለች አሮጊት የመጣ ነው ብለው፣ ተውኔቱ ከመጀመሪያው እንደዚያ የተጻፈ መስሏቸዋል።

መጨረሻው የፍርዱ ቦታ ነው። የንጉሡ ልጅ የድሃ ቤት አቃጥሏል፤ ንጉሡ በልጃቸው ላይ መፍረድ አለባቸው። አክስቴ ቃሉን አንሾካሾከች። ጋሽ ንጉሥ አልተቀበሏትም። ደገመችላቸው፤ አፋቸው ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ዓይናቸው መድረኩን ዞረ፣ መብራቱን አየ፣ ያን ሁሉ ሰው አየ። የት እንዳሉ የጠፋቸው መሰለኝ። ከዚያ ዝቅ ብለው እሷን አዩ፤ ፊታቸው ተፈታ። በተውኔቱ ውስጥ የሌለ ነገር፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«አንቺ ሴት፣ ይህን ያህል ዘመን እግሬ ሥር ነሽ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ብዬ ልፍረድ?»

አክስቴ ዙፋኑን ተደግፋ ተነሣች፤ ሻርፑ ከራሷ ወደቀ፤ ወደ ተመልካቹም ዞረች። በካርድ ክፍሉ ድምፅ፣ የተኛ በሚነሣበት ድምፅ፣

«ልጅዎ ነው! ዳኛ ግን ልጅ የለውም!» አለች።

«ልጄ ነው» አሉ ጋሽ ንጉሥ በዝግታ፣ እጇን ይዘው። «ዳኛ ግን ልጅ የለውም።»

መጋረጃውን ዘግተን እንኳ ጭብጨባው አልበረደም። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ኋላ መጣች። «ይህችን አገልጋይ ማን አሰባት? እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም!» አለች። አዘጋጁ ምንም ያልገባው ሰው ነበር፤ ሆኖም ደረቱን ነፍቶ «ቡድኑ ተመካክሮ ነው» አላት። ጋሽ ንጉሥ ጥግ ላይ ዘውዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስጠጋቸው ቀና አሉ።

«ሰዎቹ አወቁ?»

«ማንም አላወቀም ጋሼ። የተውኔቱ ነው የመሰላቸው።»

«እኔ ግን አወቅሁ» አሉና ዘውዱን ለእኔ ሰጡኝ። «ለዚያ ለባለ ታክሲው ልጅ ስጡት። ለእኔ አጠር ያለች ነገር ፈልጉልኝ።»

ምክር ቤቱ ለአንድ ዓመት እንሞክር አለና ለልጆቹ ደመወዝ ቆረጠ። በየወሩ አንዴ አዳራሹ ውስጥ ያሳያሉ፣ ሌላውን እሑድ መጋዘኑ ውስጥ። ታክሲው ተሸጠ ባልልም ልምምድ ቀን አይነዳም። ሁሉም በደስታ ሲኖር እኔ ብቻ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ከምርቃቱ በሳምንቱ ሱሪዬን ላሳጥር ብዬ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ።

«እኔ የምልሽ፣ ያን ቀን ሰገነት ላይ ለምን ትስሉ ነበር? እዚያ አቧራ የለም።»

ክር በመርፌ እያስገባች ሳቀች። «ወይ አንተ 'ለምን'! አሁንም አልተውከውም?» መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ሁልጊዜ መብራት ላይ ነኝ።»

«ያ በርሜል ወንፊት ነው። ፊት ለተቀመጠ ሰው አክስትህ የምትለው ሁሉ ይሰማል። ጋሽ ንጉሥ ከእሷ እየተቀበሉ እንደሚናገሩ ካወቅን ቆየን። አንድ ቀን አስተማሪውን እውነተኛ ሳል ያዛቸው፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሸፈነ፤ የኋላው ሰው ምንም አልሰማ። በሚቀጥለው እሑድ እሳቸው ደክሟቸው ነበር፣ እኔ ሳልኩ። ከዚያ ጎሚስታው። ማንም ለማንም ምንም አላለም፤ ተራ ገባን።»

ማራገቢያውን አሰብኩ፣ የጠረግሁትን ግድግዳ አሰብኩ።

«አክስቴ ግን እኮ ትሰድባችኋለች።»

«ትስደበን! ካወቀች ታፍራለች፤ እሳቸውም ካወቁ ደግመው አይወጡም። ዝም አይነቅዝም። በል፣ ሱሪህን ሐሙስ ና ውሰድ።»

በሚቀጥለው እሑድ መብራቱን ለረዳቴ ትቼ መጋዘኑ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ፣ በልብስ ሰፊዋና በጎሚስታው መካከል ተቀመጥኩ። ጋሽ ንጉሥ አሁን በር ጠባቂ ናቸው፤ ጦር ይዘው ገብተው የሚናገሩት አንዲት ነገር ብቻ ነው። ገቡ፣ ቆሙ። ከበርሜሉ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ሲል ሰማሁት። እንዴት ይሰማል! ጎሚስታው አየኝ። ልብስ ሰፊዋም በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ተራው የኔ ነበር።

«ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል!» አሉ ጋሽ ንጉሥ፣ ቤቱ እስኪናጋ።

ቴአትሩ ሲያልቅ አክስቴ ቀሚሷን እያራገፈች ከጉድጓዱ ወጣች።

«ዛሬ ደግሞ ፊት ተቀምጦ እንደ በግ ሲስል የነበረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አክስቴ።»

«አንተም ጀመረህ?» እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ሙቀቴን ለካች። «በል ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ና። ካርድ አወጣልሃለሁ።»

«እሺ» አልኳት።